እናቴን መድረክ ላይ እንዴት ልሁናት?

ታንኳ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ይህን የምጽፈው ባሕር ዳር ሆኜ ነው። ጣና ዳር፣ ዋርካ ሥር ተቀምጫለሁ። ገና ጠዋት ነው። ከፊቴ ሁለት የደንገል ታንኳዎች ግንድ ተደግፈው ቆመዋል፤ ውሃቸው እየተንጠፈጠፈ ነው። ደንገል ውሃ ይጠጣል። ከሐይቁ ወጥቶ ፀሐይ ካልመታው እየከበደ ይሄዳል።

የምኖረው ውጭ አገር ነው፤ ስድስት ዓመት ሆነኝ። አሁን የመጣሁት እናቴን ለመጠየቅ ነው። ጉልበቷን ያማታል። ሦስት ሳምንት ነበረኝ፣ አንዱ አለቀ።

ጥያቄዬ የቴአትር ነው። የአንድ ሰው ተውኔት ጽፌያለሁ። አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ይፈጃል። ታሪኩ የራሴ ነው፤ ወንድ የሚወድ ወንድ ልጅ እዚህ ከተማ ውስጥ እንዴት እንዳደገ። ሁሉንም ሰው የምሆነው እኔው ነኝ። አስተማሪውን፣ የንስሐ አባታችንን፣ ባጃጅ የሚነዳውን ጎረቤታችንን፣ የመጀመሪያ ፍቅሬን። የፍቅሩ ክፍል ወደ ዘጌ በምትሄደው ጀልባ ላይ ነው። አንድ ሰዓት ያህል መንገድ፣ ጭናችን ላይ አንድ ጃኬት፣ ከጃኬቱ ሥር ሁለት እጅ። እሱን ክፍል እወደዋለሁ። በመጪው ሚያዝያ፣ በምኖርበት ከተማ፣ ሰባ ሰው በሚይዝ አዳራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ይታያል። ቋንቋው አማርኛ ነው። አማርኛ ለማይሰማው ትርጉሙ ግድግዳ ላይ ይነበባል።

እዚህ እንደማይታይ አውቃለሁ። እንዲህ ያለውን ግንኙነት ወንጀል የሚያደርገው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 አለ። ሕጉ ባይኖር ደግሞ ሰፈሩ አለ። በዚህ ላይ መከራከር አልፈልግም።

ያቃተኝ እናቴ ናት።

ሌሎቹን ስጫወት ሰውነቴ ይታዘዘኛል። እሷ ጋ ስደርስ እንጨት እሆናለሁ። ድምፄን ሳቀጥነው ሹፈት ይመስላል። በራሴ ድምፅ ስናገር ደግሞ ሰማዕት ትሆንብኛለች። እናቴ ሰማዕት አይደለችም። ትቆጣለች፣ ትስቃለች፣ ሽንኩርት ስትገዛ ሁለት ጊዜ ታስመዝናለች። ያቺን ሴትዮ ነው መድረክ ላይ ማምጣት ያቃተኝ።

ለምን እንደከበደኝ እንዲገባችሁ ሁለት ነገር ልንገራችሁ።

እናቴ ስፌት ትሰፋለች። ሰፌድ፣ ሌማት፣ አልፎ አልፎ በትእዛዝ መሶብ። ያሳደገችን በዚያ ነው። አባቴ ያረፈው ስድስተኛ ክፍልን ስጨርስ ነው። እሱ እያለም፣ ካረፈም በኋላ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እሰፋ ነበር። አላስተማረችኝም፤ አይቼ ነው የለመድኩት። ስንደዶውን ውሃ ነክራ ታለሰልሰዋለች። በወስፌው ትወጋለች፣ በቀዳዳው ታሾልካለች፣ ጫፉን በጥርሷ ይዛ ታጠብቃለች። አለላው ቀይ የሆነ ቀን ከንፈሯ ጥግ ላይ ትንሽ ቀለም ይቀር ነበር። የእኔም ከንፈር ላይ። የእሷ ዙር ጥብቅ ነው፤ የእኔ ላላ ይላል። ማታ ስተኛ የሰፋሁትን ፈትታ እንደገና ትሰፋዋለች ብዬ እፈራ ነበር። አንድም ቀን አልፈታችውም።

ወንድ ልጅ ስፌት አይሰፋም። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ስለዚህ የውጭው በር ሲንኳኳ እጇ ይቀድማል። ቀና ሳትል፣ ወሬዋን ሳታቋርጥ፣ ወስፌውን ከእጄ ትወስዳለች። ስፌቱን ከጭኔ አንስታ የራሷ ጭን ላይ ታደርገዋለች። እንግዳው ሲገባ እኔ ባዶ እጄን ተቀምጫለሁ፤ እሷ ሁለት ስፌት ይዛለች። ለምን ሁለት ያዝሽ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም።

ሁለተኛው። ሰባተኛ ክፍል ሆኜ ድራማ ክበብ ገባሁ። ለወላጆች በዓል የሠርግ ድራማ ተዘጋጀ። የሙሽራዋን እናት የምትሆን ሴት ልጅ ጠፋች፤ ሁሉም አፈሩ። እኔ እሆናለሁ አልኩ። የእናቴን ነጠላ ከሳጥን አውጥቼ ለበስኩ። እንደ እሷ ተራመድኩ። እንደ እሷ ወገቤን ይዤ፣ "እሰይ የኔ ጌታ" እያልኩ ቁጭ አልኩ። ሰው በሳቅ ሞተ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። እናቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። መጀመሪያ ስወጣ ፈገግ ስትል አይቻታለሁ። ከዚያ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ስትወጣ አላየኋትም።

ቤት ስገባ አልተቆጣችም። ምንም አላለችም። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመጣ የጀመርኩት ሰፌድ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ወስፌዬ የለም። "አሁን ትልቅ ሰው ሆነሃል፣ ሂድና ከጓደኞችህ ጋር ኳስ ተጫወት" አለችኝ። ሳምንት ሳይሞላ ሴታሴት የሚል ስም ወጣልኝ። አንድ አስተማሪ ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ "የሙሽራዋ እናት አለች?" ይል ነበር። እስከ ስምንተኛ ክፍል መጨረሻ ድረስ።

እናቴን የሆንኩ ቀን እናቴን ያጣሁ ይመስለኛል። አሁን ደግሞ እንደገና ልሆናት ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። እንዴት ልሁናት? ደግሞስ ልንገራት ወይስ አልንገራት? ቴአትር እንደምሠራ ታውቃለች። ሌላውን ጠይቃኝ አታውቅም። "ትዳርስ?" ማለት ካቆመች ሦስት ዓመት ሆናት።


ጋሽ መጋረጃ፦

ወንድሜ ታንኳ፣

ሠላሳ ዓመት ገደማ በመድረክ ሥራ አሳልፌያለሁ፤ ግማሹን እዚሁ ባሕር ዳር። በቅድሚያ አንድ ነገር ተናግሬ ወደ ሥራው ልግባ። በአኗኗርህ አልስማማም፤ እምነቴ አይፈቅድልኝም። ይህን የምነግርህ ሆዴ ሌላ አፌ ሌላ ሆኖ ልመክርህ ስለማልፈልግ ነው። የጠየቅኸኝ ግን ሙያ ነው። ሙያ የጠየቀኝን ሰው ባዶ እጁን ሸኝቼ አላውቅም።

ድምፅህን አትቀይር። ድምፅ የሚቀየረው ብቅ ብሎ ለሚጠፋ ገጸ ባሕርይ ነው። አስተማሪውን በድምፅ አምጣው። ባጃጅ ነጂውን በድምፅ አምጣው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብራህ የምትቆይን ሴት በድምፅ ከያዝካት ግን፣ ተመልካቹ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ድምፁን እንጂ እሷን አይሰማም።

መልሱን አንተው ጽፈኸዋል። "እጇ ይቀድማል" ብለሃል። በቃ፣ እጇን ሁን። በርጩማ ላይ ቁጭ በል። በሩን በእግርህ አንኳኳው፤ መድረኩ እንጨት ከሆነ ተረከዝህ ይበቃል። ሲንኳኳ ቀኝ እጅህ ከግራ እጅህ ወስፌውን ይውሰድ። የወሰደው እጅ እናትህ ናት። የተወሰደበት አንተ ነህ። ፊትህ አይለወጥ፣ ወሬህም አይቋረጥ። ይህችን አንዲት እንቅስቃሴ እጅህ ሳታዝዘው እስኪሠራት ድረስ ተለማመዳት። ሁለተኛ ስትደግማት ተመልካቹ ማን እንደሆነች ያውቃል። በሦስተኛው በሩ ይንኳኳና እጁ አይምጣ። ያን ጊዜ ምን እንደጎደለ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግህም።

ወስፌው የእውነት ይሁን። ስፌቱ ባይኖርም ግድ የለም፤ ባዶ ጭን ይሻላል። የኋላ ረድፍ ያለ ሰው ወስፌ አያይም ብለህ ትሰጋ ይሆናል። ሰባ ሰው በሚይዝ ቤት ብረት በብርሃን ሲመታ ይታያል። መብራት የሚሠራውን ልጅ ከጎን አንዲት መብራት ብቻ ለምነው፤ ከጉልበትህ ከፍታ።

ወንድ ሴት ሆኖ መጫወቱ በእኛ መድረክ አዲስ አይደለም። ሀገር ፍቅር በ1927 ከተመሠረተ በኋላ በነበሩት የመጀመሪያ ዓመታት ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ ነውር ስለነበር የሴቱን ቦታ የሚይዙት ወንዶች ነበሩ። ያ አስተማሪ ይህን ሊያውቅ ይገባው ነበር። አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሰው የጠፋለትን ቦታ ሸፍኖ ዝግጅቱን አዳነው። ማመስገን ሲገባ ስም ይወጣለታል? በሙያዬ አፈርኩ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ያን ቀን ሰው ለምን እንደሳቀ በእርግጥ ታውቃለህ? እናትህስ ምን አይታ እንደወጣች? ጽሑፍህ ውስጥ እዚያ ቦታ ላይ እርግጠኛ ሆነህ ከጻፍክ ተመለስበት። ከመድረክ ላይ ያለ ሰው የራሱን ጀርባ አያይም።


ዘንባባ፦

ታንኳዬ፣

እህትህ ነኝ፣ በሁለት በኩል። የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ እንደ አንተው ዜጋም ነኝ። አሁንም የምኖረው እዚሁ ነው።

ስለ ትወና የማውቀው ነገር የለም። ስለ መኖር ግን ልንገርህ። በ2015 ክረምት የሰው ስምና ፎቶ ቲክቶክ ላይ እየተለጠፈ ደብድቧቸው ሲባል፣ ስልኬ ውስጥ የነበረውን ሁሉ አጥፍቼ ለሁለት ወር ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ ብቻ ነበር የምሄደው። ስለዚህ የጻፍከውን ሳነብ መጀመሪያ የታየኝ ተውኔቱ አይደለም። እናትህ ናት የታየችኝ። ባሏ የሞተባት፣ ስፌት የምትሰፋ፣ ልጇ ውጭ ያለ። ይህ ከተማ ሰፋ ያለ ይመስላል እንጂ ገበያ ውስጥ ሁለት ሰው ጠይቆ ሦስተኛው ቤቷን ያሳያል። አንተ ትመለሳለህ። እሷ እዚህ ትቀራለች።

ስለዚህ እባክህ። አዳራሹ በር ላይ ስልክ ይሰብሰብ፤ በፖስታ ተደርጎ ስም ተጽፎበት። ቪዲዮ አይቀረጽ፣ "ለማስታወሻ" እንኳ ቢሆን። ማስታወቂያው ላይ ፊትህ አይውጣ። የሰፈሩን ስም፣ የደብሩን ስም፣ የትምህርት ቤቱን ስም አውጣቸው። ሰፈሩ ባይጠራም ሐይቁ ይበቃል። ስፌቱን ግን እንዳትነካው። እሱን ከነካኸው ምንም አይቀርህም።

ሌላም ልጠይቅህ። መድረክ ላይ ራስህን ምን ብለህ ነው የምትጠራው? በእኛ ቋንቋ ያለው ቃል ወይ ስድብ ነው፣ ወይ የሕግ አንቀጽ ነው፣ ወይ ደግሞ "ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ" የሚል የሬዲዮ ዜና ነው። እኔ "ዜጋ" የሚለውን እወደዋለሁ። መጀመሪያ የሰማሁት ከአንድ አዲስ አበቤ ጓደኛዬ ነው፤ ሻይ ቤት ውስጥ ሆነን "እሷም እኮ ዜጋ ናት" አለኝ። አስተናጋጁ አጠገባችን ቆሞ ነበር፤ ምንም አልመሰለውም። እንግዲህ ቃሉን የመረጠው ሰው ማን እንደሆነ ባላውቅም እግዜር ይስጠው። የዚህ አገር ሰው ነኝ ማለት ነው እኮ። ከተቻለህ መድረክ ላይ ተናገረው።

ስለ ጀልባው ያልከውም ገባኝ። እኔ አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነኝ ከሰንበት ትምህርት ቤት ወደ ደሴት ገዳማት ተጓዝን። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባበትም። ወንዶቹ ወረዱ፣ እኛ ሴቶቹ ጀልባው ላይ ቀረን። ፀሐዩ ከባድ ነበር። አጠገቤ የነበረችው ልጅ ነጠላዋን ለሁለታችን ዘረጋችው። ከዚያ ነጠላ ሥር አንድ ሰዓት ተቀመጥን። ወንዶቹ ሲመለሱ "ደብሯችሁ ይሆናል" ብለው አዘኑልን። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አንተ ስለጻፍክ ነው የጻፍኩት።


ታንኳ፦

ዘንባባዬ፣ ደጋግሜ አነበብኩት። እዚህ የጻፍኩት ውስጥ አንዳንዱን ቀይሬ ነው የጻፍኩት፤ የቱን እንደሆነ አልናገርም። ስፌቱና ነጠላው ግን እውነት ናቸው። የስልኩን ነገር ዛሬውኑ ለአዳራሹ ሰዎች ጽፌላቸዋለሁ።

ራሴን ምን ብዬ እንደምጠራ አልወሰንኩም ነበር። አሁን ወሰንኩ። ስለ ነጠላው ደግሞ አመሰግንሻለሁ።

ጋሼ፣ ሆዴና አፌ አንድ ይሁን ብለው ስለነገሩኝ አከብርዎታለሁ። እጁን ትናንት ማታ መኝታ ቤት ውስጥ ሞከርኩት። ወስፌ ስላልነበረኝ በእስክሪብቶ። ሦስተኛው ላይ፣ እጁ የማይመጣበት ላይ፣ መቀጠል አልቻልኩም።


ሩቅ አገር፦

ጤና ይስጥልኝ። ውጭ አገር ለቴአትር ቤት የግድግዳ ትርጉም እሠራለሁ፤ እንደ አንተ ያሉ የብቻ ተውኔቶች ላይ በርከት ላለ ጊዜ ተቀምጫለሁ። ሁለት ነገር ብቻ።

አንደኛ፣ ተመልካችህ ውስጥ የእኛ ያልሆኑት ሰዎች እናትህን አስቀድመው ጽፈው ይመጣሉ። ኋላ ቀር፣ ጨካኝ፣ ሃይማኖት ያሰራት ሴት። ከትዕይንቱ በኋላ በሚደረገው ውይይት "እናትህ ይቅር አለችህ?" ብለው ይጠይቁሃል። ምን አጥፍቶ ነው ይቅር የምትለው? በእነሱ አገር እንዲህ ያለ ነገር የሌለ ይመስላቸዋል። ቲም ሚለር የሚባለው አሜሪካዊ በዚሁ ዓይነት ሥራ ነው የሚታወቀው፤ ብቻውን ቆሞ የራሱን ሕይወት ይናገራል። በ1990 እ.ኤ.አ. እሱንና ሌሎች ሦስት አርቲስቶችን የአገሪቱ የኪነ ጥበብ ድጋፍ ተቋም ባለሙያዎች ድጋፍ ይገባቸዋል ካሉ በኋላ፣ የተቋሙ ኃላፊ በሥራቸው ይዘት የተነሣ ከለከላቸው። ከሰሱ። በ1993 ገንዘባቸው ተከፈላቸው። የሕጉ ክርክር ግን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1998 ተሸነፉ፤ ድጋፍ ሲሰጥ "ጨዋነት" ሊታይ ይችላል ተብሎ ተወሰነ። ይህን የምነግርህ ውይይቱ ላይ ባዶ እጅህን እንዳትቀመጥ ነው።

ሁለተኛ፣ ቢንያቫንጋ ዋይናይናን አስታውስ። ኬንያዊው ደራሲ። በ2014 እ.ኤ.አ. ጥር ላይ ማንነቱን ለዓለም ሲገልጽ የጻፈው ለእናቱ ነበር። እናቱ ከሞተች ዓመታት አልፈዋል፤ ስትሞት አጠገቧ አልነበረም። ስለዚህ በጽሑፉ ውስጥ ሆስፒታል ገብቶ፣ አልጋዋ አጠገብ ሆኖ፣ በእውነት ያልነገራትን ነገር ይነግራታል። ያንን ሳነብ አለቀስኩ። የአንተ እናት ግን በሕይወት አለች። አሁን ይህን ስታነብ ምናልባት ወጥ ቤት ናት።

ከሙያዬ አንድ ልጨምር። "ሴታሴት" የሚለውን ቃል ግድግዳው ላይ አታስተርጉመው። ሰዎቹ በአማርኛ ይስሙት። ምን ማለት እንደሆነ ከፊትህ ይገባቸዋል።


የሁለት ልጆች እናት፦

ልጄ፣

እኔ ቴአትር አላውቅም። ልጄ ስልክ ላይ ከፍታ አሳየችኝና አነበብኩት። የምትለው ነገር ከበደኝ፤ አልዋሽህም። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባል የለ፣ እንደ ወለዱ መቀበል ነው እንጂ ሌላ ምን ይደረጋል።

ለሰባ ሰው የምትነግረውን ለእሷ አስቀድመህ ንገራት። ሁሉንም አላልኩም። እሷ ያለችበትን ያህል ንገራት። የእኔን ፊት ሰው በሌለሁበት ቢለብሰው ያመኛል። ከነገረኝ ግን ሌላ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ሳነብ ቆረቆረኝ። አባትህ ያረፈው ስድስተኛ ክፍልን ስትጨርስ ነው አልክ። ድራማው ሰባተኛ ክፍል ነው። ሙት ዓመቱ ወጥቶ ነበር? እናትህ ያን ጊዜ ጥቁር ለብሳ አልነበረም? አንተስ ከሳጥን ያወጣኸውን ነጠላ እንዴት አድርገህ ነበር የለበስከው? ወንድ ልጅ አያውቅምና ነው የምጠይቅህ።

እግዚአብሔር ይጠብቅህ።


ታንኳ፦

እማማ፣ ጥያቄዎን ካነበብኩ በኋላ ሦስት ቀን ዝም አልኩ። መልሱን አሁን ነው ያገኘሁት።

ሙት ዓመቱ አልወጣም ነበር። ቆጠርኩት። አባቴ ያረፈው ሰኔ ላይ ነው። ድራማው የታየው በቀጣዩ ዓመት ግንቦት መጨረሻ። ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ትናንት ከሰዓት እናቴ ቡና አፈላች። ሁለታችን ብቻ ነበርን። አቦሉን ጠጥተን "እማ፣ የምሠራው ቴአትር ውስጥ አንቺ አለሽ" አልኳት።

"እኔ ምን ሠርቼ?"

"ስፌት ትሰፊያለሽ።"

"ማን ነው እኔን የሚሆነው?"

"እኔ ነኛ።"

ጀበናውን ማቶቱ ላይ አስቀመጠች። ዝም ብላ ጭሱን አየች። ከዚያ "ነጠላ ትለብሳለህ?" አለችኝ።

"እንጃ። ልልበስ?"

"ከለበስክ አስተካክለህ ልበስ። ያኔ ዘቅዝቀህ ነበር የለበስከው።"

መጀመሪያ አልገባኝም። አስረዳችኝ። ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ አንገቴ አድርጌ ነበር የለበስኩት። ለሐዘን እንደሚለበሰው። ዓመቱን ሙሉ እሷ ላይ ያየሁት እንደዚያ ነበር። እናት ነጠላ የምትለብሰው እንደዚያ መስሎኝ ነው። እንግዲህ በሠርግ ድራማ ላይ የሙሽራዋ እናት ለቅሶ ለብሳ፣ "እሰይ የኔ ጌታ" እያለች ገባች። ሰው ሳቀ። እናቴ ደግሞ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቁጭ ብላ ራሷን አየች።

"አባትህ መጣብኝ" አለች። "ሰው ሲስቅ አባትህ መጣብኝ።"

እኔ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ስለ እኔ ያፈረች ነበር የሚመስለኝ። ጽሑፌ ውስጥ ያ ቦታ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ በእሷ ሐዘን ላይ ቆሜ ስለ ራሴ ሳወራ ነበር።

"ወስፌውን የወሰድሽብኝም ለዚያ ነው?" አልኳት።

"እሱ ሌላ ነው" አለች። ሁለተኛውን ቀዳች። "ሰው ያወራ ነበር። በአንተ ላይ እንዲያወሩ አልፈለግሁም። እኔ ብቻዬን ነበርኩ።" ስኒውን ሰጠችኝ። "ሰፌዱን ግን አልፈታሁትም።"

ተነሥቼ እንዳየው ነገረችኝ። ጓዳ ውስጥ፣ ከመሶቡ ኋላ። ግማሽ ነው። ዙሩ ላላ ያለ ነው። ወስፌው እዚያው ላይ ተሰክቷል፣ ዝጓል።

ሌላውን አልነገርኳትም። "ቴአትሩ ስለ ምንድን ነው?" ስትለኝ "ስለ እኔ" አልኳት። ረጅም ጊዜ አየችኝ። "እዚያ የሚንከባከብህ ሰው አለ?" አለችኝ።

"አለ እማ።"

"እሰይ።"

ከዚያ ነጠላዋን አውልቃ ከኋላዬ ቆመች። ጉልበቷ እያመማት፣ ትከሻዬን ተደግፋ። ጥለቱን ወደ ታች አወረደችው። አንዱን ጫፍ በግራ ትከሻዬ ወረወረችው፤ ሲንሸራተት ያዘችና እንደገና ወረወረችው። "እንዲህ ነው የሠርግ" አለች።

ወስፌውን ይዤው እሄዳለሁ። ፈቅዳልኛለች። ሰፌዱን ግን አልሰጠችኝም፤ "ስትመለስ ትጨርሰዋለህ" አለች።

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ነጠላውን አስተካክዬ ለብሼ ልግባ ወይስ ዘቅዝቄ?


ጋሽ መጋረጃ፦

ዘቅዝቀህ ግባ። ይሳቁ። ከዚያ ጊዜህን ወስደህ፣ በእሷ እጅ፣ አስተካክለው። አንድ ጊዜ ይንሸራተትና እንደገና ወርውረው። ቃል አትናገር።

ያን አሥራ አንድ ደቂቃ ሰርዘው።